ለ28 ዓመት በቆርቆሮ ሣጥን የቆየ ዘር ይበቅላል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ካረፉት አያቴ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ወረስኩ። በውስጡ በጨርቅ የተቋጠረ ወደ 60 ፍሬ ቦሎቄ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ወደ 40 የሚሆን የቲማቲም ዘር፣ አንድ ሙሉ የበቆሎ ራስ እና አንድ ቁንጥጫ የሽንኩርት ዘር አለ። የተጻፈበት ዓመት ከዛሬ 28 ዓመት በፊት ነው። እነዚህን ዝርያዎች ዛሬም የሚያበቅል ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። አንድ ወዳጄ ‹ሁሉንም ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጠዋት ዝራቸው› ይለኛል። ይበቅሉ ይሆን? ከበቀሉስ ዝርያው እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?»

ወዳጅዎ የመከረዎትን አያድርጉ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ባያነቡት እንኳ ይህን ይያዙልኝ፤ ያለዎትን ዘር በሙሉ በአንድ ቀን አይዝሩ፣ ያረጀ ዘርንም በደረቁ ውሃ ውስጥ አይክተቱ።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ወደ 30 ፍሬ ቦሎቄ በአደራ ተሰጥቶኝ ነበር። ልክ እንደ ወዳጅዎ አስቤ ማታ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ስመለስ ውሃው ደፍርሷል፣ ቦሎቄው አብጦ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ሽታውም ደስ አይልም። አንድም አልበቀለም። ያን ጊዜ «ቀድሞውኑ ሞቶ ነበር» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በኋላ ነገሩን ሳውቀው ግን ከመካከላቸው ጥቂቶቹን የገደልኳቸው እኔው ሳልሆን አልቀርም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በደረቀ ዘር ውስጥ የእያንዳንዱ ሕዋስ ስስ ሽፋን ተሸብሽቦና ቅርጹን ለቅቆ ነው የሚቀመጠው። ውሃ ሲያገኝ ተስተካክሎ ቦታውን ይይዛል፤ እስኪስተካከል ድረስ ግን እንደ ወንፊት ያፈስሳል። በወጣት ዘር ላይ ይህ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ባረጀ ዘር ላይ ግን ሽፋኑ ራሱ ስለተጎዳ ጥገናው ይዘገያል፤ ውሃው ፈጥኖ ከገባ ዘሩ ስኳሩንና ማዕድኑን አፍስሶ ለሻጋታ ግብዣ ያዘጋጃል። ጉዳቱ በቦሎቄና በመሰሎቹ ላይ ይብሳል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ የባሰ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘሩ ውሃውን በመጀመሪያ ከአየር እንዲጠጣ ማድረግ። አሠራሩን ወደታች እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ፤ ይበቅላሉ ወይ? ሰዎች ሁልጊዜ ዓመቱን ይነግሩኛል፤ እኔ ግን ከዓመቱ ይልቅ ሣጥኑ የት እንደነበረ ብሰማ እመርጣለሁ። የዘርን ዕድሜ የሚቆርጡት እርጥበትና ሙቀት ናቸው። ጄምስ ሃሪንግተን የተባሉ አሜሪካዊ የዘር ተመራማሪ ዛሬም የምንገለገልበትን ግምታዊ ሕግ ትተውልናል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በአንድ ከመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል፣ የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ በእጥፍ ይጨምራል። ሕጉ የራሱ ወሰን አለው፤ እጅግ በረጠበም ሆነ እጅግ በደረቀ ዘር ላይ አይሠራም። ነገር ግን አስሉት። 12 ከመቶ እርጥበት ይዞ 30 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ዘርና 6 ከመቶ ይዞ 10 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ዘር መካከል አሥር እጥፎች አሉ። ሁለት በራሱ አሥር ጊዜ ሲባዛ 1,024 ይሆናል። ስለዚህ 28 ዓመት በጭስና በእንፋሎት አጠገብ ካለፈ እና 28 ዓመት በደረቅና ቀዝቃዛ ጓዳ ካለፈ፣ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ሁለቱ ዘሮች የሚገናኙበት ነገር የለም።

ተስፋ የሚሰጡ ምሳሌዎች አሉ። ዊልያም ቢል የተባሉት የዕፀዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1879 በሚሺጋን 20 ጠርሙሶች በዘር ሞልተው መሬት ውስጥ ቀበሩ፤ ሙከራው ዛሬም አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2021 አንዱ ጠርሙስ ሲከፈት፣ ከ140 ዓመት በላይ ከተቀበሩት ዘሮች መካከል ገና የበቀሉ ነበሩ። በእስራኤል ምድረ በዳ ባለችው ጥንታዊት ምሽግ በማሳዳ ፍርስራሽ የተገኘ ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ የቴምር ፍሬም እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ ዛፍ ሆኗል። ነገር ግን በእነዚህ ታሪኮች አይስከሩ። የቢል ጠርሙስ ያተረፈው አረምን ነው፤ አረም ደግሞ ለመቆየት የተፈጠረ ነው። የማሳዳውን ቴምር ያቆየው የምድረ በዳው ድርቀት ነው። ከግብፅ መቃብር ወጥቶ በቀለ የሚባለውን የስንዴ ተረት ደግሞ ጨርሰው ይርሱት። በ19ኛው መቶ ዘመን ለጎብኚዎች ይሸጥ የነበረው «የፈርዖን ስንዴ» የበቀለው ዘሩ አዲስ ስለነበረ ነው፤ በእርግጥ ከጥንት መቃብር የወጣው ከስሎ ነው የሚገኘው።

ከእርስዎ አራት ዘሮች ይበልጥ የምተማመነው በቲማቲሙ ነው። ቲማቲም ታጋሽ ነው፤ ደህና ቦታ ከተቀመጠ ከ20 ዓመት በኋላ ጥቂት ችግኝ መስጠቱ ብርቅ አይደለም። ቦሎቄው መሃል ላይ ነው። በቆሎው ከራሱ ሳይፈለፈል መቆየቱ ከነቀዝም ከእርጥበትም አያድነውም፤ ተስፋዬ አነስተኛ ነው። ስለ ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ እናወራለን።

ምንም ነገር ከማርጠብዎ በፊት ግን ቁጭ ብለው ይቁጠሩ። የእያንዳንዱን ዘር ብዛት፣ ቀለም፣ መጠን፣ በጨርቁና በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቃል በሙሉ ይመዝግቡ፤ ፎቶግራፍ ያንሱ። አያትዎን የሚያውቁ ሰዎች ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ ተክሉ ይሐረግ ነበር ወይስ አጭር ቁጥቋጦ ነበር? በስንት ወር ይደርስ ነበር? የቲማቲሙ ፍሬ ክብ ነው ወይስ ሸንተረር ያለው? ይህ ለትዝታ አይደለም። ከበቀለ በኋላ የወጣው ተክል እውነተኛው መሆኑን የሚያረጋግጡት በዚህ መረጃ ብቻ ነው። ሌላም የሚጣራ ነገር አለ፤ ዘሩ ከሱቅ የተገዛ ሃይብሪድ (ሁለት የተለያዩ ወላጆችን በማዳቀል የተገኘ) ከነበረ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ ድካምዎ ሁሉ የተበታተነ ነገር ለማብዛት ይሆናል። አያትዎ ለዓመታት ከራሳቸው ምርት እየለዩ የሚያስቀምጡት ዘር ከሆነ ግን እውነተኛ ነባር ዝርያ ይዘዋል።

ከዚያም ለሁለት ይክፈሉት። ግማሹ መጠባበቂያ ነው። ክፉ አየር፣ ቀንድ አውጣ፣ ወይም የእርስዎው ስህተት የመጀመሪያውን ግማሽ ሊበላው ይችላል፤ ሁለተኛው ግማሽ የተማሩትን ይዘው የሚመለሱበት ነው። መጠባበቂያውን ከእኩል ክብደት ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ደረቅ እንክብል) ጋር ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ያድርቁትና ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት። ለማድረቅ ምድጃም ሆነ የቀትር ፀሐይ አይጠቀሙ፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ሙቀት ለዚህ ዕድሜ ዘር ቅጣት ነው።

ብዙ ሰው ዘሩን ውሃ ላይ በትኖ የሰመጠውን «ሕያው»፣ የተንሳፈፈውን «ሙት» ይለዋል። ይህ የዘርን ክብደት እንጂ ሕይወቱን አይለካም፤ በዚህ ፈተና ስንቱ ደህና ዘር እንደተጣለ አስቤ እናደዳለሁ። በቤተ ሙከራ ቴትራዞሊየም የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሕያው የሆነውን የዘር አካል ቀይ ያቀልመዋል። ነገር ግን ዘሩን ሰንጥቆ ነው የሚመረምረው። 40 ዘር ላለው ሰው ይህ ዶሮዋን አርዶ እንቁላል ትጥል እንደሆነ ማጣራት ነው። ለእርስዎ ፈተናውም ዘሩም አንድ ናቸው፤ ያስበቀሉት ሁሉ ይተከላል።

አሠራሩ እነሆ። በመጀመሪያ 10 ቦሎቄና 8 የቲማቲም ዘር ብቻ ይውሰዱ። ክዳን ባለው ሰፊ ዕቃ ሥር ትንሽ ውሃ ያድርጉ፤ ዘሮቹን ውሃው በማይነካው ትንሽ ሳህን ወይም ወንፊት ላይ አስቀምጠው ዕቃውን ይክደኑት። በ20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ለቲማቲሙ አንድ ቀን፣ ለቦሎቄው እስከ ሁለት ቀን ያቆዩት። ዘሩ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ቀስ ብሎ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ በረጠበ የወጥ ቤት ወረቀት መካከል ይዘርጉት። ወረቀቱ ይርጠብ እንጂ ሲጨምቁት አይንጠብጥብ፤ ያረጀ ዘር አየር የሚያስፈልገው ከወጣቱ በላይ ነው። ጥቅሉን በልቅ በተዘጋ ከረጢት አድርገው ከ22 እስከ 26 ዲግሪ በሆነ ቦታ ያኑሩት።

ሻጋታ ጠላትዎ ነው። ያረጀ ዘር በላዩ ብዙ የሻጋታ ዘር ተሸክሞ ይመጣል፣ ለመከላከል ደግሞ ጉልበት የለውም። ከእርጥበቱ ዕቃ ሲወጣ፣ ወረቀቱ ላይ ሳይዘረጋ በፊት፣ አንድ እጅ የቤት በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ቀላቅለው ለአምስት ደቂቃ ያጥቡትና በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት። የተሰነጠቀ ቦሎቄ ግን በረኪና አይነካው። በየቀኑ ጥቅሉን ከፍተው ይመልከቱ፤ የሻገተውን ለይተው ያጥቡት፣ ወረቀቱን ይቀይሩት፤ ዘሩን ግን ለመጣል አይቸኩሉ። ሽፋኑ የሻገተ ዘር ልቡ ሕያው ሊሆን ይችላል። በጣት ሲጫኑት እንደ ቅባት ከፈረሰ ያን ጊዜ ሞቷል።

ስለ መድኃኒቶቹ ብዙ ይወራል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የሻይ ውሃ፣ የባሕር አረም ጭማቂ... ከእነዚህ መካከል የሞተ ዘር ያስነሳ የለም። ጂብሬሊክ አሲድ የሚባለው የዕፀዋት ሆርሞን ሕያው ሆኖ ለመንቃት አቅም ያጣውን ዘር ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የማሳዳውም ቴምር ከመተከሉ በፊት በዚሁ ታክሟል። ከ100 እስከ 250 ሚሊ ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ከበዛ ችግኙ እንደ ክር ቀጥኖ ይመዝና ይወድቃል። እኔ የምጠቀመው ለመጨረሻው ዙር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ሞክሬ ባዶ እጄን ስቀር።

ትዕግሥት ከመድኃኒቱ ይበልጣል። አዲስ የቲማቲም ዘር በሳምንት ውስጥ ይነቃል፤ የእርስዎ ሦስትና አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘሩ ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል እንጂ በውስጡ ትልቅ ሥራ አለ። በእርጅና የተሰባበረውን ዘረመሉን ይጠግናል፤ ጥገናው ሳያልቅ ሥር ለማውጣት ቢሞክር ራሱን ያጠፋል። የዘገየው ሁሉ ሞቷል ብለው በአሥረኛው ቀን ጥቅሉን የሚጥሉ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል።

ሥሩ ብቅ ሲል ወዲያው ወደ ለስላሳና ንጹሕ የችግኝ አፈር ያዛውሩት። ከዚህ ላይ ያረጀ ዘር ልጆች አመላቸው ብዙ ነው። አንዳንዱ የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍቶ ይወጣና ማውለቅ ያቅተዋል፤ በሞቀ ውሃ ጠብታ አለስልሰው ከሰዓታት በኋላ በጥርስ መጎርጎሪያ ያላቁለት። አንዳንዱ አንድ ቅጠል ብቻ ይኖረዋል፤ አንዳንዱ ቡናማ የሥር ጫፍ ይዞ ይቆማል፤ አንዳንዱ የተዥጎረጎረ ወይም የነጣ ቅጠል ያወጣል። ፍጹም ነጭ የሆነው አይድንም። የቀሩትን ግን አይፍረዱባቸው። ጎባጣው ችግኝ በወሩ ቀጥ ብሎ፣ ልጆቹም ምንም ጉድለት የሌለባቸው ሆነው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚያዩት የዘሩን እርጅና ነው፤ አብዛኛው ጉዳት ወደ ልጅ አይተላለፍም።

እስካሁን ያወራነው ቀላሉን ክፍል ነው ብልዎ ይገርምዎታል? አንድ ችግኝ ማስበቀልና አንድን ዝርያ ማዳን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነባር ዝርያ አንድ ተክል አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ግን አንድ ዓይነት ያልሆነ ማኅበር ነው። አንዱ ድርቅ ይችላል፣ ሌላው ዋግ ይቋቋማል፣ ሦስተኛው ቀድሞ ያብባል። ከዚህ ማኅበር አንድ ሰው ብቻ ቢተርፍ ስሙ ይተርፋል፤ ማኅበሩ ግን አለቀ። ብዙዎች የመጀመሪያዋን ችግኝ ሲያዩ «ዝርያው ዳነ» ብለው ይደሰታሉ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ካማረው አንድ ተክል ላይ ብቻ ዘር ይሰበስባሉ። 28 ዓመት ያልገደለው ዝርያ የሚሞተው እዚያ ላይ ነው።

ምን ያህል ተክል ያስፈልጋል የሚለው በየዘሩ ይለያያል። ቦሎቄና ቲማቲም በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ስለሆኑ ጥቂት መሆናቸው አያደክማቸውም። ከ10 እስከ 20 የቦሎቄ ተክል፣ ከ6 እስከ 10 የቲማቲም ተክል ካገኙ ጥሩ ደረጃ ላይ ነዎት። ባያገኙም ያገኙትን ሁሉ ያሳድጉ። ከእያንዳንዱ ተክል እኩል ብዛት ያለው ዘር ይውሰዱ፤ ብዙ ያፈራው ብዙ እንዳይወክል፣ ደካማውም እንዳይረሳ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትውልዶች ምርጫ የሚባል ነገር አያድርጉ። «ይህ ትልቅ ነው፣ ይህ ጣፋጭ ነው» የሚለው ዳኝነት ዘሩ ከበዛ በኋላ ይደርሳል። ከማኅበሩ የሚያስወጡት በቫይረስ የታመመውን ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ተሸብሽቦ ቀላልና ደማቅ አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ቦሎቄ ካዩ ነቅለው ያቃጥሉት። የቦሎቄ ሞዛይክ ቫይረስ በዘር ውስጥ ተኝቶ ብዙ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ከሌላ ቦሎቄ አርቀው ይትከሉ።

ቲማቲሙ አንድ ጸጋ አለው። ከዘሩ ሁሉ አንዲት ችግኝ ብቻ ብትወጣ እንኳ፣ አድጋ በቅጠልና በግንድ መካከል የምታወጣቸውን ቅርንጫፎች ቆርጠው በውሃ ወይም በእርጥብ አፈር ቢያቆሟቸው በአንድና ሁለት ሳምንት ሥር ይሰዳሉ። እናቲቱ ብትሞት ቅጂዎቿ አሉ። ይህን ከመጀመሪያው ወር ጀምረው ያድርጉት። አበቦቿንም ከሌላ ቲማቲም ጋር እንዳይዳቀሉ ገና ሳይከፈቱ በስስ የወንፊት ጨርቅ ከረጢት ይሸፍኗቸው፣ ሲከፈቱ በጣት ቀስ አድርገው ይንቀጥቅጧቸው፤ ፍሬ ሲይዙ ክር አስረው ምልክት ያድርጉ። ለቦሎቄው ከሌላ ቦሎቄ ጥቂት ሜትሮች መራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በቆሎው ግን ሌላ ዓለም ነው፤ በዚህ ላይ መጥፎ ዜና አለኝ። አንድ የበቆሎ ራስ 300 ፍሬ ሊኖረው ይችላል፣ ዓይን ሲያየው ብዙ ነው። ነገር ግን 300ዎቹም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው የፈለገውን ያህል ቢለያዩ፣ በዘረመል ሒሳብ እነዚህ ሁሉ ከአራት ዝምድና የሌላቸው ተክሎች በላይ አይወክሉም። በቆሎ ደግሞ ከቦሎቄ በተቃራኒ ከዘመድ ጋር መዳቀልን አይወድም፤ በጥቂት ትውልድ ቁመቱ ያጥራል፣ ራሱ ያንሳል፣ ፍሬው ይጎድላል። አንድ የበቆሎ ዝርያ ጤናውን ጠብቆ እንዲቆይ በየትውልዱ ከ100 በላይ ተክል ዘር ቢሰጥ ይመከራል። ስለዚህ በቆሎው ከበቀለ፣ የቻለውን ሁሉ አሳድገው አንዱን በሌላው ያዳቅሉት፤ ራሱን በራሱ በፍጹም አይሁን። ሐር መሳዩ ጸጉር ገና ሳይወጣ የእንስቷን ራስ በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑ፤ ማታ የላይኛውን የወንዴ አበባ በሌላ ከረጢት ያስሩ፣ ጠዋት አራግፈው የበርካታ ተክሎችን ዱቄት ይቀላቅሉና በሌሎቹ ጸጉር ላይ ይነስንሱ። ዱቄቱ ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይቆይምና አያሳድሩት። ከዚህ ጎን ለጎን የአያትዎ ጎረቤቶች ወይም ዘመዶች ተመሳሳይ በቆሎ እንዳላቸው አሁንም ፍለጋውን አያቁሙ። ሌላ አንድ ራስ ቢገኝ ከመቶ ችግኝ ይበልጥብኛል።

ከመጀመሪያው ምርት አንድም አይብሉ። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 ሌኒንግራድ በጦር በተከበበች ጊዜ በሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ በኒኮላይ ቫቪሎቭ የተሰበሰበውን የዘር ክምችት የሚጠብቁ ሠራተኞች በዘር መካከል ቁጭ ብለው በረሃብ ሞተዋል። ከእርስዎ የሚጠየቀው የአንድ ወቅት ቲማቲም ነው። ቲማቲሙ በደንብ ይብሰል፤ ዘሩን ከነዝልግልጉ በዕቃ አድርገው ለሁለትና ሦስት ቀን ያብላሉት፣ ያጥቡትና በሳህን ላይ ያስጡት፤ በወረቀት ላይ ከሆነ ይጣበቅብዎታል። ቦሎቄው ቅርፊቱ እስኪንኮሻኮሽ በተክሉ ላይ ይቆይ። መድረቁን ለማወቅ በመዶሻ ይምቱት፤ ከተጨፈለቀ ገና ነው፣ እንደ መስታወት ከተሰበረ ደርሷል።

ከዚያ በሲሊካ ጄል አድርቀው፣ በሚገጥም የመስታወት ዕቃ ዘግተው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። የዓለም የዘር ባንኮች የሚያከማቹት ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ነው፤ የቤትዎ ፍሪዘርም ለዚህ ይቀርባል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። በደንብ ያልደረቀ ዘር ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ሠርቶ ይሞታል። ዕቃውን ሲያወጡም ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ሌሊቱን ሳይከፍቱ ይተዉት፤ ቀዝቅዞ የተከፈተ ማሰሮ የአየሩን እርጥበት በአንድ ጊዜ ይጠጣል።

ሁሉንም በአንድ ፍሪዘር አይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ በምትገኘው የኖርዌይ ደሴት በስቫልባርድ የተከፈተው የዘር ማከማቻ የሚይዘው የሌሎች ባንኮችን ቅጂ ነው፤ ጥቅሙም በ2015 ታየ። በሶርያ ጦርነት ምክንያት ከአሌፖ አቅራቢያ ካለው ስብስቡ የተለየው ኢካርዳ የተባለው የምርምር ማዕከል ቅጂውን ከስቫልባርድ አውጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና አበዛው፤ በ2017 ደግሞ መልሶ አስቀመጠ። ለእርስዎ ስቫልባርድ ሁለት የታመኑ ዘመዶችና በአገርዎ ያለ የዘር ባንክ ናቸው። ለባንኩ ሲሰጡ አስቀድመው የመዘገቡትን የአያትዎን ታሪክ አብረው ይስጡ፤ ታሪክ የሌለው ዘር በባንክ መደርደሪያ ላይ ቁጥር ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሽንኩርቱ። የሽንኩርት ዘር በተለመደ አቀማመጥ በአንድና ሁለት ዓመት የሚደክም ዘር ነው፤ 28 ዓመት ለእርሱ እጅግ ብዙ ነው። ሞቷል ብዬ አስባለሁ። ቢሆንም ግማሹን ለይተው፣ ከላይ እንዳልኩት በተከደነ ዕቃ በአየር እርጥበት አለስልሰው፣ ሽንኩርት ቀዝቀዝ ያለ ስለሚስማማው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ቦታ ለአንድ ወር በወረቀት መካከል ያቆዩት። አንድም ካልነቃ ቀሪውን ግማሽ ከጽሑፉ ጋር ያኑሩት፤ የጻፈው እጅ የአያትዎ ነውና። አንድ ከነቃ ግን፣ እባክዎ ከሌላ ነገር ሁሉ በፊት ይጻፉልኝ።